የዘማችና የአስተማሪ ሕይወት መታሰቢያ
ለቱላና ላካባቢው ተማሪ ቤቶች አስተማሪዎች፣ እንዲሁም ለተማሩ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ሰው በሕይወቱ ዘመን ላገሩ ከሚያደርገው አገልግሎት ሦስቱ ዋናዎች ናቸው፤ ይኸውም አገሩን ከጠላት መጠበቅ፣ ያገሩን ልጆች ማስተማር፣ ቤቱንም በፍቅርና በሥርዓት ማኖር ነው። ከነዚህ አንዱን አጥርቶ የፈጸመ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ሦስቱንም ባንድ ትከሻ ለተሸከመ ሰው ግን ምስጋና ብቻ አይበቃውም፤ ታሪኩ ለልጆች ትምህርት ሊሆን ይገባል።

ነገር ግን ባገራችን አንድ የቆየ ጉድለት አለ። ዘማች የነበረ ሰው ሲሞት ጀግንነቱ በልቅሶው ቦታ ይነገራል፤ አስተማሪነቱም በጥቂት ቃል ይነሣል፤ ቤቱን እንዴት እንዳኖረ፣ ልጆቹን እንዴት እንዳሳደገ ግን ሚስቱና ልጆቹ ብቻ ያውቁታል። የልቅሶው ሰሞን ካለፈ በኋላ የተነገረው ሁሉ ከተናጋሪዎቹ ጋራ ይበተናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ «አያቴ ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ስምና የመቃብር ቦታ ብቻ ይሆናል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ፤ ይህ ተረት ለብዙ ነገር እንደሚሆን ሁሉ ለሰው ታሪክም ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት አስቀድመን የታወቀ ያንድ ዘማችና አስተማሪ ሕይወት ባጭሩ እናወሳለን፤ ቀጥለን ከሕይወቱ የሚገኘውን ትምህርት እናያለን፤ በመጨረሻም የቱላ ተማሪ ቤቶች በመካከላቸው ያሉትን ሽማግሌዎች ታሪክ በምን መንገድ ጽፈው ሊያኖሩ እንደሚችሉ እናመለክታለን።

1ኛ፤ ስለ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አውራጃ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በሚባል አገር ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። በልጅነታቸው እንደ ዘመኑ ልማድ በቤተ ክህነት ተማሪ ቤት ገብተው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተማሩ። በዚያ ዘመን የቆሎ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ እህል እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይዞር ነበር፤ ዕውቀት በድካም የሚገኝ መሆኑን ልጁ ገና በማለዳ ይማር ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው አዲሱን ትምህርት ጀመሩ። መጀመሪያ በስዊድን ሚሲዮን ተማሪ ቤት፣ ቀጥሎም በተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት ተማሩ። ተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት የተከፈተው በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ያዲሱ ትምህርት በኵር ከሆኑት ልጆች መካከል ነበሩ ለማለት ይቻላል። ትምህርታቸውንም ከፈጸሙ በኋላ የተማሩትን ይዘው ወደ ተወለዱበት አገር ወደ ጎጃም ተመለሱና አስተማሪ ሆኑ። ጎጃምንም በዚያን ጊዜ ይገዙ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ሐዲስ ዓለማየሁ የ26 ዓመት ጐልማሳ በነበሩ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ሠራዊት ኢትዮጵያን ወረረ። ራስ እምሩም የጎጃምን ጦር አስከትለው ወደ ሽሬ ዘመቱ፤ ወጣቱ አስተማሪም ጠመኔውን አኑሮ ከሠራዊቱ ጋራ ተጓዘ። ከጎጃም ሽሬ ድረስ ያለውን አገር ሠራዊቱ የሄደው በእግሩና በበቅሎ ነው፤ ተራራውን ወጥቶ፣ ቈላውን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ስንቁን በትከሻውና በአጋሰስ ጭኖ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር በደንበጓና በር ላይ ከጠላት ጋራ ተጋጥሞ ድል አደረገ፤ የጠላትንም ትንንሽ ታንኮች ማረከ። ነገር ግን በዚያው ወር የጠላት አይሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በነበረው ሠራዊት ላይ የመርዝ ጢስና የሚያቃጥል ፈሳሽ አወረዱ። ይህን የመሰለው መሣሪያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ በተደረገው ውል የተከለከለ ነበር፤ ኢጣልያም ውሉን ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ነበረች። በየካቲት መጨረሻ በሽሬ በተደረገው ታላቅ ጦርነት ወገናችን ጠንክሮ ተዋጋ፤ በመጨረሻ ግን የጥይት ማነስና የአይሮፕላን ብዛት አሸነፈው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ካገር ሲወጡ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ቀሩ። ከተከታዮቻቸውም ጋራ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄደው መቋቋሙን ቀጠሉ፤ በኋላ ግን በጠላት ተከበው በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማረኩት መካከል ስለ ነበሩ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። እስራታቸውም ሰባት ዓመት ያህል ነው። ፖንዛ ስለ ተባለችው ደሴት የሚያስገርም ነገር አለ፤ ወረራውን ያዘዘው ሙሶሊኒ ራሱ በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ ከሥልጣኑ በተሻረ ጊዜ ለጥቂት ቀን የታሰረው በዚያችው በፖንዛ፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው።

የኅብረቱ ጦር ኢጣልያ በገባ ጊዜ ሐዲስ ዓለማየሁ ነፃ ወጥተው ወዳገራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሠሩ፤ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት፣ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። በ1950ዎቹ መጀመሪያም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ይሁን እንጂ ሹመታቸው ከድርሰታቸው አይበልጥም። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን የተረት መጽሐፍ፣ እንዲሁም ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ቤት ትርጉም የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጡ። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»፣ በ1980 ዓ.ም. «የልም እዣት» ታተሙ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ዘመቻቸውና ስለ ምርኮኛነታቸው የሚተርከውን «ትዝታ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይ ነበሩ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

2ኛ፤ ከዚህ ሕይወት የሚገኝ ትምህርት

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ አስተማሪነት በዘመቻ አይቋረጥም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሪ ቤት ወጥተው ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ ከጦር ሜዳ ወደ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ፤ ሆኖም በመጨረሻ የተመለሱት ወደ ፊደል ነው። ከሁሉ በሚወደደው መጽሐፋቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ዋናው ሰው በዛብህ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ኋላም የባላባቱን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር የተጠራ አስተማሪ ነው። ደራሲው በልጅነታቸው የተቀበሉትን የተማሪ ድካም ከብዙ ዓመት በኋላ ለትውልድ ትምህርት አደረጉት። ይህ መጽሐፍ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ ፊደል ያልቆጠረው ባላገር እንኳ በያለበት ተሰብስቦ ሰማው፤ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የተማሪ ቤቱን አጥር አልፎ እንደሚሄድ ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ታሪክ ድልን ብቻ የሚናገር መሆን እንደማይገባው ነው። «ትዝታ» የተሸነፈ ሠራዊትና የተማረከ ሰው ታሪክ ነው። ጸሐፊው ረኀቡን፣ ሽሽቱንና እስራቱን አልሸሸጉም። ሽንፈቱን በውነት የሚጽፍ ሰው ድሉንም ሲናገር ይታመናል፤ ድሉን ብቻ የሚያወራ ግን ሁሉን ያጠራጥራል።

ሦስተኛው ትምህርት የጊዜ ነገር ነው። ዘመቻው የሆነው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 57 ዓመት አለ። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ የ83 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። እግዚአብሔር ዕድሜ ባይሰጣቸው ኖሮ ያ ሁሉ ትዝታ አብሯቸው መቃብር ይወርድ ነበር። እርሳቸው ጸሐፊ ስለ ነበሩ ራሳቸው ጻፉት፤ ከሳቸው ጋራ በእግሩ ሽሬ ድረስ ሄዶ የተመለሰው ወይም እዚያው የቀረው ገበሬ ግን ብዕር አልነበረውም። እንዲህ ያለው ሰው ታሪኩ የሚተርፈው ሌላ ሰው ጠይቆ የጻፈለት እንደ ሆነ ብቻ ነው።

አራተኛው ትምህርት ስለ ቤት ነው። ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ሹመታቸውን በየተራው ሊቈጥር ይችላል፤ ስለ ቤታቸው ኑሮ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ የሳቸው ብቻ ዕድል አይደለም፤ የታላላቅ ሰዎቻችን ታሪክ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ተጽፏል። ሹመት በደብዳቤ ስለሚሰጥ በመዝገብ ይቀራል፤ አባት ለታመመ ልጁ ሌሊቱን ሲቀመጥ፣ ከደመወዙ ቀንሶ የወንድሙን ልጅ ሲያስተምር፣ ከሚስቱ ጋራ ተመካክሮ ቤቱን ሲያቀና ግን የሚመዘግብ የለም። ስለዚህ የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ጉድለት አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

3ኛ፤ ያገራችን የቱላ ነገር

ቱላ ከሐዋሳ በስተደቡብ፣ ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ አገር ናት፤ ዛሬ በሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ውስጥ በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ትቈጠራለች። በዙሪያዋም እንሰቱን ተክሎ፣ ከብቱን አርብቶ የሚኖር የሲዳማ ሕዝብ አለ።

ከላይ የተናገርነው ጦርነት ይህንንም አገር አልዘለለውም። በሰሜን ራስ እምሩ በሚዋጉበት ጊዜ በደቡብ የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በጥር ወር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶርያ ተዋግተው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሲዳማ ተራሮች ተመልሰው ወራት ቆዩ። ይርጋለም በጠላት እጅ የወደቀችው በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ነው፤ ይህም አዲስ አበባ ከተያዘች ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ራስ ደስታ በመጨረሻ ተይዘው በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ በጥይት ተገደሉ። ያን ዘመን ያዩት የዚህ አገር ሰዎች ዛሬ የሉም ለማለት ይቻላል። ከነሱ የተጠየቀውና የተጻፈው ጥቂት ስለ ሆነ፣ በዚያ ጊዜ በየመንደሩ የሆነውን ለማወቅ የምንቸገር እኛ ነን።

አሁን በመካከላችን ያሉት ሽማግሌዎች የሌላ ዘመን ምስክሮች ናቸው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሶማልያ ጦርነት የዘመተ አለ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌና አሮጊት ያስተማረ አለ። ያ ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን የሲዳማ ቋንቋም አንዱ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ቋንቋ በላቲን ፊደል እየተጻፈ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት መስጫ ሆነ። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ በዕድሜው የራሱን ቋንቋ በሁለት ዐይነት ፊደል ያስተማረ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ1969 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ዘማች የተወለደው በ1949 ዓ.ም. ነውና ጊዜው እያለቀ መሆኑን ማንም ቈጥሮ ሊረዳው ይችላል።

ለዚህ ሥራ የሲዳማ ሕዝብ ልማድ ራሱ ትልቅ እርዳታ ይሰጠናል። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ «አፊኒ» ብለው፣ ማለት «ሰማችሁን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። ከሁሉ በላይ የሚጠብቁትም «ሐላሌ»ን ነው፤ ሐላሌ ማለት እውነት ነው። የሰውን ሕይወት የምንጽፍበት ሕግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ሁሉን መስማት፣ እውነቱን መያዝ።

4ኛ፤ ታሪኩን የመጠየቅና የመጻፍ መንገድ

አስተማሪው ይህን ሥራ ከአምስተኛ ክፍል በላይ ላሉት ልጆች ሊሰጥ ይችላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ፣ አስተማሪው ራሱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዶ የሥራውን ምክንያት ይንገር፤ ፈቃድም ይለምን። ከቤተሰቡ ጋራ ሳይማከሩ ልጆችን በድንገት መላክ ነውር ነው። ሽማግሌው ባይፈቅድ ማስገደድ አይገባም፤ ስለ ራሱ መናገር የማይወድ ሰው ብዙ ነው፤ ምናልባት በሌላ ቀን ልቡ ይፈቅድ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት የማይበልጡ ልጆች ይሂዱ። አንዱ ይጠይቅ፤ አንዱ ይጻፍ፤ ሦስተኛው ያድምጥ። ጥያቄው ሽማግሌው በሚቀለው ቋንቋ ይሁን፤ በሲዳማ ቋንቋ የተናገረውን በሲዳማ ቋንቋ ይጻፉት፤ ወደ አማርኛ መመለስ ቢያስፈልግ በኋላ ይደረጋል። ሰው የልጅነቱን ነገር አፉን በፈታበት ቋንቋ ሲናገር የሚያስታውሰው ይበዛል።

ሦስተኛ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲባል ጥያቄው ከሥር ይጀምር። «ስንት ጠላት ገደልህ?» ብሎ መጀመር የጅል ጥያቄ ነው። ይልቁንስ እንዲህ ተብሎ ይጠየቅ፤ የት ተወለዱ? እናትና አባትዎ ማን ይባሉ ነበር? ምን ሥራ እየሠሩ አደጉ? ፊደል ማን አስቈጠረዎ? ወደ ጦር ሠራዊት እንዴት ሄዱ? ከቤትዎ የወጡ ቀን ማን ሸኘዎ? ምን ስንቅ ያዙ? አብረዎት የነበሩ ጓደኞች ምን ሆኑ? ሲመለሱ ቤትዎን እንዴት አገኙት? መጀመሪያ ያስተማሩት የት ነው? የተማሪ ቤቱ ጣራና ወንበር ምን ነበር? ደመወዝዎ ስንት ነበር? ካስተማሩዋቸው ልጆች የማይረሱት ማንን ነው?

አራተኛ፣ ባለቤቲቱ ለብቻዋ ትጠየቅ። ባልዋ በዘመተ ጊዜ እንሰቱን ማን ነቀለ? ልጆቹን ማን አሳደገ? ደብዳቤ ይመጣ ነበርን? ካልመጣስ በሕይወት መኖሩን በምን ታውቅ ነበር? የዘማች ታሪክ ግማሹ በጦር ሜዳ፣ ግማሹ በቤት የተፈጸመ ነው፤ ቤቱን የጠበቀችው ሚስት ካልተጠየቀች ግማሹ ይጠፋል። ልጆቹም ይጠየቁ፤ አባታቸው ከተማሪ ቤት ሲመለስ ምን ያደርግ እንደ ነበር፣ ሲቈጣ እንዴት እንደ ነበር፣ ሲደሰት ምን ይላቸው እንደ ነበር ይናገሩ። አንድ ሰው ቤተሰቡን ወዳድ ነበር ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍቅሩ የታየበት አንድ ሥራ ካልተጻፈ ቃሉ ባዶ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ዘመኑን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሽማግሌዎች የተወለዱበትን ዓመተ ምሕረት በርግጥ አያውቁም። ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደ ካስማ መትከል ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት ዐዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ ታላቁ ድርቅ የሆነው በ1977 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ የወደቀው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ የሲዳማ ክልል የተቋቋመው በ2012 ዓ.ም. ነው። «የመሬት ዐዋጁ በወጣ ጊዜ አግብተው ነበርን? ስንት ልጅ ነበረዎ?» ተብሎ ቢጠየቅ ዘመኑ ይገኛል። በሲዳማ ልማድ በየሰባት ዓመቱ የሚተካካው የሉዋ ሥርዓትም የሰውን ዕድሜ ለመገመት ይረዳል። የውጭ መጽሐፍ ወይም ወረቀት የተገኘ እንደ ሆነ የፈረንጆች ዓመት ከኛ በሰባት ወይም በስምንት እንደሚበልጥ ልጆች ያስታውሱ።

ስድስተኛ፣ የተጻፈው ሁሉ በባለታሪኩ ፊት ይነበብ። «ይህ ልክ ነው፤ ይህ ልክ አይደለም» ብሎ ያርም። የታረመው በጥሩ ጽሕፈት ሁለት ጊዜ ይገልበጥ፤ አንዱ ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ አንዱ በተማሪ ቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ ምስጥና እርጥበት በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ከላዩም የተጻፈበት ቀንና የጻፉት ልጆች ስም ይኑርበት።

5ኛ፤ ጸሐፊው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ጦርነት ያለፈበት ሰው የማይናገረው ነገር አለው። ሽማግሌው ዝም ያለ እንደ ሆነ ልጆች ይታገሡ፤ ዝምታውንም ያክብሩ። እንባ ቢመጣበት ጥያቄው ለሌላ ቀን ይተው።

ሁለት ሽማግሌዎች ያንድን ቀን ነገር በሁለት ዐይነት ሊናገሩ ይችላሉ። ይህን አይቶ አንዱን ሐሰተኛ ማለት አይገባም፤ ሁለቱም እንደ ተናገሩ ይጻፍና ልዩነቱ ይታይ። እንዲሁም ያንዱ ሽማግሌ ትዝታ የክብር፣ የሌላው ትዝታ የመከራ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ስለ ሜዳልያው፣ አንዱ በባለመሬት እጅ ስለ ደረሰበት በደል ይናገር ይሆናል። አስተማሪው የሚወደውን ብቻ መርጦ ቢያስጽፍ ሐላሌን አፈረሰ። ነገር ግን በሕይወት ያለን ሰው በስሙ የሚከስ ቃል የመጣ እንደ ሆነ በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ አይግባ፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው በሽማግሌዎች ሸንጎ ወይም በፍርድ ቤት ነው።

ልጆች ነገሩን ለማሳመር ብለው ያልሆነውን አይጨምሩ። «እንደ አንበሳ ተዋጋ» ከሚለው ቃል ይልቅ «ሁለት ቀን ውኃ ሳይጠጣ ሄደ» የሚለው የበለጠ ይናገራል። ጌጥ የበዛበት ታሪክ ባለቤቱን ያስረሳል።

የተማሩ ሽማግሌዎች ሆይ፤ በዚህ ሥራ የናንተ ድርሻ ትልቅ ነው። ብዕር መያዝ የምትችሉ ራሳችሁ ጻፉ፤ የማይችሉትን ጓደኞቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉላቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ የ83 ዓመት ሽማግሌ ሆነው የዘመቻቸውን መጽሐፍ ካሳተሙ «እኔ አርጅቻለሁ» የሚለው ምክንያት አይበቃም። አስተማሪዎችም ሆይ፤ ዛሬ በክፍላችሁ ፊት የተቀመጠው ልጅ ነገ የልጅ ልጆቹ ሲጠይቁት የሚመልሰው እንዲኖረው የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። ለሥራው የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ሽሬ በዘመቱ ጊዜ ስንት ዓመታቸው ነበር? «ትዝታ» ከታተመ በኋላስ ስንት ዓመት ኖሩ?
2. በ1929 ዓ.ም. ተማርከው በ1936 ዓ.ም. ወዳገራቸው ተመለሱ ብንል በባዕድ አገር የቆዩት ስንት ዓመት ነው? በዚህ ጊዜ በቤት የቀሩ ወላጆች ምን ያስቡ እንደ ነበር ባምስት መስመር ጻፉ።
3. የራስ እምሩን ጦር መንገድ ከጎጃም እስከ ሽሬ፣ የራስ ደስታንም ጦር ስፍራዎች ገናሌ ዶርያን፣ ይርጋለምንና ቡታጅራን በካርታ ላይ አመልክቱ።
4. ሽንፈትን በውነት መጻፍ ለምን ይጠቅማል?
5. በቀበሌያችሁ ካሉት ሽማግሌዎች የዘመተ ወይም ያስተማረ አንድ ሰው ምረጡ፤ ከላይ በተነገረው መንገድ ጠይቃችሁ ታሪኩን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጻፉ፤ ባለቤቱና ልጆቹ የተናገሩትንም ጨምሩበት፤ በፊቱም አንብቡለት።